የዘንድሮዎቹ አምስት ፊልሞችና አንድ የቆየ

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ሳሎን መስኮቱ ሥር

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጆሮዬ፤

ደህና ነኝ ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። ቤቱ ደህና ነው፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ መንጠባጠቡን ትቷል፣ ወይም እኔ መስማቱን ትቻለሁ። ጉልበቴም ደህና ነው፣ ደረጃ ብቻ ነው የሚጠላው። ክሊኒኩም እንደነበረ ነው። ሰው አሁንም ጥርሱ እስኪበሰብስ ዓመት ሙሉ ይታገሥና፣ የመጣ ቀን ግን አሥር ደቂቃ ጠብቅ ስለው ጠረጴዛዬን ይደበድባል። የጥርስ ሐኪሙ ሰላም በይልኝ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልህ አውቃለሁ። በእጄ የጻፍኩት ስልክህ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እንዳታነበው ብዬ ነው፤ እሷ የሰው ናፍቆትንና የመድኃኒት ማዘዣን በአንድ ድምፅ ነው የምታነበው። እንግዲህ የምታነብልህ እጮኛህ ናት፣ የሒሳብ መምህርቷ። አንቺም እንደምን ሰነበትሽ፣ እህቴ። አይቼሽ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። የሚቆረቁርሽ ቦታ ስትደርሺ አትዝለዪው፣ አታለሳልሺው። እንደተጻፈው አንብቢለት። እዚህ ወረቀት ላይ ካንቺ የምደብቀው የለኝም፤ ብደብቅስ በማን አፍ ሊነገረው ነው?

ምናልባት ነገሩን ከሥሩ አልነገረሽ ይሆናልና በአጭሩ ላጫውትሽ። በዘጠኝ ዓመቱ ትኩሳት ዓይኑን ሲወስደው እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያኔ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ያንሾካሹክ ነበር፤ ለእሱ የሚያንሾካሹክ ግን አልነበረም። እኔ ጀመርኩ። የትልቁ የፊልም ሽልማት እጩዎች በየዓመቱ ሲታወቁ፣ መንገዳችን ጫፍ ላይ ያለው ሲኒማ ቤት አምስቱን ፊልሞች በአምስት ቅዳሜ ያሳያል። እኛ ሰው እንዳንረብሽ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግተን እንቀመጣለን። እሱ የሚነገረውን ይሰማል፣ እኔ የሚታየውን በቀኝ ጆሮው እነግረዋለሁ። አምስተኛውን ያየን ቀን ቤት ገብተን የየራሳችንን ደረጃ እናወጣለን፣ ከአንድ እስከ አምስት፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ዳኞቹ የሚሉትን እንጠብቃለን፤ ሁልጊዜ ስለሚሳሳቱም አንድ ሳምንት ሙሉ እንሰድባቸዋለን። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። «ጆሮዬ» የምለውም ለዚህ ነው። አምና ክረምት እናንተ ከተማ ሊያስተምር ሲሄድ ሻንጣውን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ደብተሩን ግን አልሰጠሁትም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ጥር 27 ቀን ነው፣ ሥራ ቦታ። ፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ በማስመሪያ የተሰለፈ ይመስላል፤ አንድ የተጣመመ ፊደል የለውም። ድሮ ለሥልጠና ራቅ ብለህ ስትሄድ ራስህ በታይፕ ትጽፍልኝ ነበር፤ «ናፍቀሽኛል» ልትል ፈልገህ «ናፍጠሽኛል» ያልከኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ናፍጥ ናፍጥ እየሸተተኝ ስስቅ ነበር የከረምኩት። አሁን ምንም ስህተት የሌለበት ደብዳቤ ደረሰኝና አንጀቴ አረረ።

ከፍቼ ሳነብ መጀመሪያ የሰርጋችሁን ቀን፣ ቀጥሎ የዘንድሮውን ደረጃህን አገኘሁ። አምስቱንም አይታችኋል። እኔ አንዱንም አላየሁም ነበር፤ ያለ አንተ ገብቼ ምን ልሠራ ብዬ ቅዳሜዎቹን ልብስ እያጠብኩ ነው ያሳለፍኳቸው። አንደኛ ያደረግከው ደግሞ የመርከበኛውን ፊልም ነው።

ስለዚያ ፊልም ሳላየውም ሰምቻለሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰው አንድ ቃል የማይተነፍስበት ፊልም ነው፤ ባሕርና አንድ ሰውዬ። ታዲያ አንተ ምኑን ሰምተህ አንደኛ አደረግከው? እሷን ነዋ። የጻፍክልኝ ደግሞ ስለ ማዕበሉ አይደለም፣ ስለ አንድ ማንኪያ ነው። «መርከበኛው ብቻውን ሲበላ ሁለተኛ ማንኪያ ከፊት ለፊቱ ያስቀምጣል፤ ይህን ስትነግረኝ ትንፋሼ ቀጥ አለ» ብለሃል። እኔ ስነግርህ ትንፋሽህ ቀጥ ብሎ ያውቃል? ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ብጠይቅህ ደግሞ መልሱን እሷ ናት የምትጽፈው።

ያን ሰዓት ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። አንደኛው መንጋጋው አብጦ በፎጣ የያዘ፣ ሌላው ጥርስ ሊያስነቅል የመጣ። እንባዬ ሲወርድ ሳላውቀው አይተውኛል። ሊያስነቅል የመጣው ቀስ ብሎ ተነሣና «እንግዳ ተቀባይዋ እንዲህ ካለቀሰች ውስጥ የገባውማ ምን ሊሆን ነው» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ብቅ ብሎ «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም። ወንድሜ አንደኛ ያደረገው ፊልም ነው።»

«እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ?»

«አላየሁትም።»

ትንሽ አየኝና ወደ ጥርሶቹ ተመለሰ።

ደብዳቤህ ግን እዚያ አላበቃም። ከታች ያቺን ጥያቄ ጠይቀኸኛል። እጮኛህ የአንተን የምንጊዜም አንደኛ ልታይልህ ፈልጋ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ታጭቶ ሳይሸለም የቀረውን ፊልም አገኘችልህ፤ ልጇን ባቡር ጣቢያ የምትጠብቀውን እናት። አብራችሁ አያችሁት። እሷ ስትነግርህ መጨረሻው እኔ እንደነገርኩህ አልሆነም። «እታለም፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ተሳስታችኋል። እሷ ምናልባት እኔ ነኝ ትላለች። አንቺስ?» ብለህ ጽፈሃል።

አልመለስኩልህም። በማግስቱ ሲኒማ ቤት ሄድኩ። እነዚያን አምስት ፊልሞች አይቼ ደረጃህን ድራሹን ላጠፋው ነበር ሐሳቤ። የሽልማቱ ቀን ስለቀረበ አምስቱንም በአንድ ሳምንት እያፈራረቁ ያሳያሉ። ትኬት ቆራጩ ሽማግሌ ገና ሲያየኝ ሁለት ቀደደ።

«አንድ ነው ዛሬ፣ አባባ» አልኩት።

«ምነው፣ ታመመብሽ?»

«ሊያገባ ነው።»

«እሰይ። ታዲያ ምነው ፊትሽ እንደተቀማ ሰው ሆነ?»

አንዱን ተቀብዬ ገባሁ። የመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ። ፊልሙ የመርከበኛው ነበር። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ሰውዬው ገመድ ሲፈታ እኔ ሳላስበው ወደ ግራ ዘንበል ብዬ «እጁ ቆስሏል፤ ግን አያየውም፣ ሰማዩን ነው የሚያየው» እላለሁ፤ ለባዶ ወንበር። ከፊት ያለችው ሴት ዞር ብላ «እህቴ፣ እኛም እኮ እናያለን» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ እጄን አፌ ላይ ጭኜ አየሁ። ጆሮዬ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እኔ ራሴም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊልም አይቼ አላውቅም። ቃል ስፈልግ ነበር የኖርኩት። አንዱን ነገር ሳልጨርስልህ ሌላው ይመጣል፣ እሱን ስይዝ ያኛው ያመልጠኛል። ማንኪያው መጣ። ሰውዬው ከሳጥን አወጣው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ከፊት ለፊቱ አስቀመጠው። እኔ ብሆን እዘለው ነበር። «እየበላ ነው» ብዬህ አልፌ፣ ስለሚመጣው መርከብ ልነግርህ እቸኩል ነበር። እሷ አልዘለለችውም። ከፊልሙ ስወጣ ዓይኔ ደም ለብሶ ነበር፤ ያስቀናኝ ደግሞ መጥፎ አድርጋ አለመንገሯ ነው።

የቀሩትን አራቱንም እስከ እሑድ አየኋቸው። እንግዲህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የሆነውን ደረጃ ስማ።

አንደኛዬ ፍየሏ ናት። አዎ፣ የካርቱኑ። አንተ የልጆች ነገር ነው ብለህ ሁልጊዜ መጨረሻ የምታደርገው ዓይነት። ደወሏ የጠፋባት ፍየል ናት፤ በየቤቱ እየገባች የሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር የእሷ ደወል ይመስላታል። ብቻዬን ተቀምጬ እንደ እብድ ሳቅሁ። እኔ እኮ አሳዛኝ ፊልም የምወድ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምትወደው አንተ ነህ፤ እኔ የምወደው አንተ ስትወድ ነበር።

ሁለተኛ የልብስ አጣቢዎቹ ነው። ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾች የሆቴል አንሶላ ያጥፋሉ፤ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሳይነጋገሩ ይጠጋጋሉ፣ እጃቸው ይነካካል፣ መልሰው ይራራቃሉ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። የፍርድ ቤቱን ሦስተኛ ያደረግኩት ዳኛዋ ስታዛጋ የኛን ሐኪም ስለምትመስል ነው። የድልድዩ አምስተኛ ነው፤ ድልድዩን ለማፍረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው።

የመርከበኛውን አራተኛ አድርጌዋለሁ። እጅሽን ልብሽ ላይ አድርገሽ ተናገሪ ብባል አንደኛ ወይ ሁለተኛ ይሆን ነበር። ዘንድሮ ግን እጄን ልቤ ላይ አላደርግም።

ባለፈው እሑድ ለጥያቄህ መልስ ጻፍኩ። አጭር ነበር። «እጮኛህ ተሳስታለች። ምናልባት ሌላ ፊልም ይሆናል ያየችው፣ ወይ ቁጥር ስታስብ መጨረሻው አምልጧት ይሆናል» ይላል። ማታለሌ አልከበደኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ያን አንድ ፊልም እንኳ የራሴ አድርጌ ላስቀረው ነው ብዬ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ፖስታ ቤት ተሰለፍኩ። አድራሻችሁን ልገለብጥ ደብዳቤህን ከቦርሳዬ ሳወጣ፣ የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። በጣም ደቃቅ ፊደል ነው፤ ስድስት ቀን ሙሉ አላየሁትም ነበር።

እህቴ፣ አሁን የምታነቢው የራስሽን ቃል ነው። አትዝለዪው ብዬሻለሁ።

«እህታችን፣ ይህን እሱ አያውቅም። ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አልተሳሳትኩም። እሱ ግን ያን መጨረሻ እንዴት እንደሚወደው አይቻለሁ። መሐል ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር መሰለኝ ብዬዋለሁ። እርስዎ እንደነገሩት ይሁን ካሉ፣ እኔ ተኝቼ ነበር።»

ከወረፋው ወጣሁ። ከኋላዬ የነበረው ሰው «ምነው፣ ተራሽ እኮ ደርሷል» ሲለኝ እሰማለሁ። ጆሮዬ፣ እስከዚያ ድረስ የቀናሁት ቅናት ቅናት አልነበረም። ዓይንህ መሆኔን ወሰደችብኝ፣ ቅዳሜዬን ወሰደችብኝ፣ ይሁን። እኔ ግን በልቤ አንድ ነገር ይዤ ነበር፤ ለእሱ ብሎ የሚዋሽ ከእኔ በቀር ማን አለ እል ነበር። ሰው ውሸት በማይችል እጁ እንዲህ በእርሳስ ሲሞክር አየሁና፣ ያለኝ ሁሉ አለቀ። የጻፍኩትን መልስ እዚያው ቀድጄ ጣልኩት። እኔ እሷን ተሳስታለች ስል፣ እሷ ለእኔ ብላ ተኝቼ ነበር ስትል፣ አንተ በሁለት ውሸታሞች መካከል ልትኖር ነው። አንዳችን እንኳ ከውሸት መትረፍ አለብን።

ስለዚህ ስማኝ። ያልተሳሳተችው እሷ ናት።

ያን ፊልም ያየን ቅዳሜ እማዬ ዳግም ላትወጣ ሆስፒታል የተኛች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር። ታስታውሳለህ፣ ራሷ ናት በግድ ያስወጣችን፤ «ሂዱና አይታችሁ ንገሩኝ፣ እዚህ ፊቴ ላይ አትደረደሩብኝ» ብላ። ፊልሙ ሲያልቅ ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፣ ንግግር የለም። ልጅየው ከባቡሩ ይወርዳል። እናትየዋ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተቀምጣለች። የተኛች መስሎት ቀስ ብሎ ከጎኗ ይቀመጣል። ሻንጣውን እግሩ ሥር ያደርጋል፤ እንዳይቀሰቅሳት። ከዚያ እጇ ከጭኗ ላይ ይወድቃል። አለቀ። ሌላ የለም።

አንተ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ እጄን ጨብጠህ «እሺ፣ አሁንስ?» አልከኝ። እኔም «ነቃች» አልኩህ። «ቀና ብላ አየችው። ኮሌታውን እያስተካከለችለት ነው። አንድ ቃል አለችው፤ ድምፅ የለውም፣ ከከንፈሯ አነበብኩት» አልኩህ። ምን አለችው ስትለኝ ወደ አፌ የመጣልኝን ሰጠሁህ። «ከሳህ።»

ያቺን ቃል ለተማሪዎችህ እንደምታስተምራት ነግረኸኛል፤ የእናት ፍቅር በአንድ ቃል ሲጻፍ ይህን ይመስላል እያልክ። እኔን ሲገርመኝ የኖረው የማን ቃል እንደሆነ አለማወቅህ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ከጎረቤት ስትመለስ፣ ሱቅ ድረስ ሄደህ ስትገባ ሳይቀር ማን ነበር በር ላይ ቆማ «ከሳህ» የምትልህ?

ከሲኒማው ቀጥ ብለን ሆስፒታል ሄድን። አንተ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክህላት፤ «ከሳህ» ስትል ድምፅህ ተሰበረ። እሷ ፀጉርህን እየደባበሰች ሰማችህ። ነርሷ የሐኪሙን ቃል ልትነግርህ ወደ ኮሪደሩ ስትጠራህ እማዬ ወደ እኔ ዞር አለች።

«መጨረሻው እንደዚያ አይደለም፣ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ሲናገር የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነው። አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ ያምራል።» ከዚያ ትራሴን አስተካክዪልኝ አለችኝና፣ ሳስተካክልላት በጆሮዬ «ተይው። እንደዚያ ይሁን» አለችኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ስምንት ዓመት ፈጀበት። ሌላስ ምን ዋሽተሽኛል ብትለኝ፣ ጥቂት ነው። አንዱን ክፉ አለቃ ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ገድዬዋለሁ፤ መፀዳጃ ቤት መሄድ ነበረብኝ። አንድ ሰርግም አፍርሻለሁ፤ ሙሽራው ደስ ስላላለኝ። የቀረው ሁሉ እንዳየሁት ነው። መቆጣት ትችላለህ። ብትቆጣ ግን ራስህ በታይፕ ጻፍልኝ፤ ስድብህን በሰው እጅ ጽሑፍ ማንበብ አልፈልግም።

ስለ ሰርጉ ጠይቀኸኛል፤ እመጣለሁ። ዘጠኝ ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ሐኪሙም «ሰባቱን ለሰርጉ፣ ሁለቱን ለመኳረፊያ» ብሎ ፈርሞልኛል። የጥርስ ዕቃ የሚያቀርብልን ሰውዬ፣ ያ ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ፊልም እንይ ብሎኝ «ቅዳሜዬ ተይዟል» ያልኩት፣ አሁንም በየወሩ ይመጣል። ባለፈው ሐሙስ አገባህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም። ሁለት ልጆች አሉት፤ ፎቶአቸውን አሳየኝ። ያምራሉ።

አንቺም ስሚኝ፣ እህቴ፤ እዚህ ድረስ ካነበብሽ ቃልሽን ጠብቀሻል ማለት ነው። ከሰርጉ ቀድሞ ባለው ቅዳሜ እደርሳለሁ። ሰርጉ እስኪደርስ ሦስታችንም አንድ ፊልም እንግባ፤ የፈለግሽውን ምረጪ። እሱ መሐል ይቀመጥ። አንቺ በግራው ሆነሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ንገሪው፣ ለእኔም እንዲደርሰኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማሻለሁ። ደህና አድርገሽ ከነገርሽ እንደምቀና ከወዲሁ እወቂው። ካልነገርሽ ደግሞ አልምርሽም።

ወንድሜ፣ ዕድሜህ ይርዘም፤ ቤትህ ሳቅ አይለየው። በምድር ላይ እስካለህ ድረስ የሚያይልህ ሰው አትጣ። ይህን ስጽፍ እያመመኝ ነው፤ ግን ምርቃት ነውና አልመልሰውም።

እህትህ፣
እታለም